ብሉግራስ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነባችሁ በቢል ሞንሮ በኩል ግቡ

ብሉግራስ፣ ይህ በክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዘፈን አንድ ነው የሚመስለው። ይፈጥናል፣ ባንጆው (ሆዱ ከበሮ የሚመስለው ባለክር መሣሪያ) ይንጫጫል፣ ዘፋኙ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ አለቀ። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ጆሮዬ የተከፈተው የአንድ ሰው ሥራ ከመነሻው ጀምሬ በተራ ስሰማ ነው።

ሰውዬው ቢል ሞንሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን አካባቢ ተወለደ፣ ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ። ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለያዙት ለእሱ የተረፈችው ማንዶሊን ነች። ስምንት ክር አላት፤ ግን ብዙ እንዳይጮህባቸው ብለው በአራት ክር ብቻ እንዲጫወት አደረጉት።

ስለዚህ መጀመሪያ ማንዶሊኗን ፈልጉ። በዚህ ሙዚቃ ከበሮ ብዙም የለም። ባሱ «ዱም» ሲል እሷ በመሃል «ቸክ» ትላለች፣ ጣቱ ክሩን ወዲያው ስለሚያፍነው ድምፁ አይረዝምም። ከበሮው ያ «ቸክ» ነው። በአንድ እጃችሁ ጠረጴዛው ላይ «ዱም»ን፣ በሌላው «ቸክ»ን እየመታችሁ አንድ ሙሉ ዘፈን ጨርሱ። ግጥሙ ለጊዜው ይቆይ።

ቀጥሎ ሁለት ቀረጻ አወዳድሩ። በ1936 ከወንድሙ ከቻርሊ ጋር የቀረጸው ጊታርና ማንዶሊን ብቻ ነው፣ ሁለት ድምፅ። ከዚያ ወደ 1946 እለፉ፣ ብሉ ግራስ ቦይስ ከሚባለው ባንዱ ጋር ቺካጎ ወደ ቀረጸው። ሙዚቃው ስሙን ያገኘው ከዚህ ባንድ ነው። እዚህ ኧርል ስክረግስ ባንጆውን በሦስት ጣት ይመታል፣ ድምፁ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሳይቋረጥ ይንጠባጠባል። ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፣ በግማሽ ደቂቃ ይገባችኋል!

አዝማቹ ሲመጣ ደግሞ የላይኛውን ድምፅ ያዙ። የባንዱ ዘፋኝ ሌስተር ፍላት ዋናውን ዜማ ይዞ ሲሄድ ሞንሮ ከላይ በቀጭኑ ይገባበታል። ያ መጀመሪያ ጩኸት የመሰለኝ ድምፅ አሁን ሆዴን ነው የሚያባባው።

ቪዲዮ ካገኛችሁ እግራቸውን እዩ። በአንድ ማይክ ሲጫወቱ ተራው የደረሰው ጠጋ ይላል፣ ሲጨርስ ለሌላው ይለቃል፣ ማንም ከማንም ሳይጋጭ።

የእርጅናውን ዘመን ስታዩ ማንዶሊኗን ልብ በሏት። በ1985 ቤቱ ተገብቶ ተሰባብራ ነበር። ተጠገነችና በ1996 እስኪያርፍ ድረስ አብራው ነበረች፣ «ቸክ» እያለች።