ላፕቶፑ የቤቱን ፋይል ሰርቨር አላገኝ ሲል

በዊንዶውስ ላፕቶፕ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተው ሰርቨሩን (የቤቱ ፋይሎች በጋራ የሚቀመጡበትን መሣሪያ) ካጡት፣ ሰርቨሩ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። ያ ዝርዝር የሚሞላው መሣሪያዎቹ «አለሁ» እያሉ በሚያሰራጩት መልእክት ነው። መልእክቱ ከተቋረጠ፣ ሰርቨሩ በደህና እየሠራም ቢሆን ስሙ አይወጣም። ስለዚህ ዝርዝሩን ይተዉትና በቁጥር ይሞክሩ።

የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከራውተሩ ገጽ ላይ፣ የተገናኙ መሣሪያዎች ከሚዘረዘሩበት ቦታ ያገኙታል። 192.168.1.20 ነው እንበል። በፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ \\192.168.1.20 ብለው ኢንተር ይጫኑ። ሁለቱ ሰረዞች ወደ ግራ ያጋደሉት ናቸው፤ በድረ ገጽ አድራሻ ላይ የለመድናቸው አይደሉም።

ፎልደሮቹ ከመጡ ችግሩ የስም ብቻ ነው። ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ያንን ቁጥር በቋሚነት ያስይዙለት፤ አለበለዚያ ራውተሩ ሌላ ጊዜ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፣ ያስቀመጡት አቋራጭም ይከሽፋል። ሰርቨሩን በዝርዝሩም ማየት ከፈለጉ፣ በላፕቶፑ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ኔትወርኩን ከ«ፐብሊክ» ወደ «ፕራይቬት» ይቀይሩና «ኔትወርክ ዲስከቨሪ»ን ያብሩ።

በቁጥርም ካልተከፈተ የላፕቶፑን የራሱን አድራሻ ማየት ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል (ipconfig) ይጻፉ። አብዛኛው የቤት ኔትወርክ ላይ በነጥብ ከተለዩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከሰርቨሩ ጋር አንድ መሆን አለባቸው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ነው፣ ካልሆነ ራውተሩን።

ቁጥሩ በ192.168.0 ወይም ከሰርቨሩ በተለየ ሌላ ቁጥር የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ያለው ሌላ ኔትወርክ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእንግዳ ዋይፋይ ነው። እሱ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ የቤቱን መሣሪያዎች እንዲያዩ አይፈቅድም፤ አንዳንዱ ራውተር ላይ እንዲያውም ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ይከለክላል። ሌላው ምክንያት ሲግናል ለማስፋት የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር ነው፤ የራሱን ኔትወርክ ስለሚፈጥር ቤቱን ለሁለት ይከፍለዋል። እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ያለ (ከእሱ ጋር የተገናኘ) ላፕቶፕ ከፊት ያለውን (ከዋናው ራውተር ጋር የተገናኘውን) ሰርቨር በቁጥር ሊከፍት ይችላል፤ ሰርቨሩ ከጀርባ፣ ላፕቶፑ ከፊት ሲሆን ግን በሩ ዝግ ነው። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ሲግናል ብቻ በሚያሰራጭበት «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ላይ ማድረግ ነው። ግንኙነቱን በሌላ መንገድ የሚያዞር ቪፒኤን ካለም ለጊዜው ያጥፉት።

ኔትወርኩ አንድ ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ ፒንግ ያድርጉ (በኮማንድ ፕሮምፕት ping 192.168.1.20 ብለው ሰርቨሩ ይመልስ እንደሆነ ይዩ)፤ መልስ ባይመጣ ግን አይቸኩሉ፣ ለፒንግ የማይመልሱ ሰርቨሮች አሉ። የተሻለው በፓወርሼል «ቴስት-ኔትኮኔክሽን 192.168.1.20 -ፖርት 445» ብሎ (በእንግሊዝኛ ፊደል፦ Test-NetConnection 192.168.1.20 -Port 445) መሞከር ነው። ፋይል ማጋራት የሚያልፈው በዚህ ፖርት (ባለ ቁጥር በር) ነው። የመጨረሻው መስመር «ፎልስ» (False) ካለ፣ ሰርቨሩ መብራቱንና እንቅልፍ ላይ አለመሆኑን፣ ከዚያ ፋይል ማጋራቱ መከፈቱንና ፋየርዎሉን (ግንኙነት የሚከለክለውን መከላከያ) ይፈትሹ። ሰርቨሩ ራሱ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሆነ፣ «ፐብሊክ» ላይ መቀመጡ ብቻውን ፖርቱን ሊዘጋው ይችላል።

«ትሩ» (True) ካለ መንገዱም በሩም ደህና ነው፤ የቀረው መግቢያው ነው። ከ2017 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ኤስኤምቢ የሚባለውን፣ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበትን ቋንቋ አሮጌ ቅጂ (ኤስኤምቢ 1) በራሱ አይጭንም፤ ያረጁ ሰርቨሮች ደግሞ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ብዙ ሰው ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ያበራል። እኛ አንመክርም፦ በዚያው ዓመት ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም የተሰራጨው በእሱ ቀዳዳ ነው። ይልቅ ሰርቨሩ ላይ ኤስኤምቢ 2 ወይም 3ን ያብሩ። የ2024ቱ ዊንዶውስ 11 (24ኤች2) ፕሮ ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን አይቀበልም፤ ሰርቨሩ ላይ ባለ ፓስወርድ ተጠቃሚ ይፍጠሩ። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ካልተቀበለ፣ ዊንዶውስ ፓስወርዶችን በሚያስቀምጥበት «ክሬደንሻል ማናጀር» ውስጥ በሰርቨሩ ስምም በቁጥሩም የተቀመጠውን አሮጌ መግቢያ ይሰርዙና ላፕቶፑን እንደገና አስነስተው ይግቡ።