«ቢሊገር»፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባት የእንግሊዝኛ ግስ

የእንግሊዝኛ ዜና የሚከታተል ሰው «ቢሊገርድ» (beleaguered) የምትል ቃል ሳታጋጥመው አትቀርም። መዝገበ ቃላት «የተከበበ» ይላታል። ልክ ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት፣ ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ከእግር ኳሱ «ሊግ» ጋር ማዛመድ ነው። ምንም አይገናኙም። «ሊግ» ማሰር ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ይህቺኛዋ ግን ከሆላንድ ቋንቋ የተወሰደች ናት። ሆላንዶች «ሌኸር» ሲሉ የጦር ሰፈርም ሠራዊትም ማለታቸው ነው። የጀርመኖቹ «ላገር» ወንድሟ ነው፤ «ላገር» መጋዘንም ማለት ስለሆነ፣ ላገር ቢራ የተባለው ተከማችቶ ስለሚቆይ ነው።

ቃሏ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ያኔ ሆላንዶች ከስፔን ጋር ይዋጉ ነበር፤ እንግሊዛውያን ወታደሮችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የስፔን ጦር ሌይደን ከተማን ከቦ ሕዝቡን በረሃብ ጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ1574 ሆላንዶች የባሕር መከላከያ ግድቦቻቸውን አፍርሰው ውሃውን ለቀቁት። ጦሩ የሰፈረበት መሬት ሲጥለቀለቅ ከበባውም አበቃ። እኛ «ከበበ» ስንል የሚታየን ክቡ ነው። እነሱ ግን ድንኳኑን ነው ያዩት። ይህ ልዩነት በጣም ደስ ይለኛል።

ሌላው ስህተት «አጠቃ» ብሎ መተርጎም ነው። የከበበ ሰው የግድ አይተኩስም፤ ሰፍሮ ይጠብቃል። እንዲያውም እንደሷው መክበብ ማለት የሆነችው የቅርብ ጓደኛዋ «ቢሲጅ» (besiege) የመጣችው መቀመጫ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የ1888ቱን የመቀሌ ከበባ አስቡት። የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ በጥይት መድፈር ከባድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የውሃውን ምንጭ አስያዙ፤ ጣልያን በጥም ተቃጥሎ ምሽጉን ለቀቀ። መክበብ ማለት ይኼ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ቢ» ደግሞ «መሆን» ከሚለው ግስ ጋር አታምታቱ። ዙሪያውን የሚል ስሜት የምትሰጥ ቅጥያ ናት።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን የዜና ትርጉም ነው። «ቢሊገርድ ሚኒስትር» የሚለውን «የተከበቡት ሚኒስትር» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ያስደነግጣል፤ ቤታቸው በወታደር የታጠረ ይመስላል። እዚህ ላይ ቃሏ ወቀሳና ችግር ከየአቅጣጫው የበረታበትን ሰው ነው የምትገልጸው። «በወቀሳ የተወጠሩት» ወይም «መከራቸው የበዛው» ቢባል ያምራል። ዛሬ በብዛት የምትሠራው በዚህ ትርጉሟ ስለሆነ፣ ሰይፍና ምሽግ ከመፈለጋችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት።