የጋራው ካርታ፦ በሊንክ-ስቴት ሩቲንግ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ኔትወርኮችን የሚያገናኙት መሣሪያዎች (ራውተሮች) መንገድ የሚመርጡበት የሊንክ-ስቴት ደንብ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነገር ይመስላል። ሦስት አራት መስመር ትእዛዝ ይጻፋል፤ ራውተሮቹ ይተዋወቃሉ፤ ፓኬቱም (የመረጃው ጥቅል) ይደርሳል። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ፣ አንድ መስመር ሲቋረጥ ወይም አዲስ ቅርንጫፍ ሲጨመር ነው። ያኔ የሚታዩት ስህተቶች መልካቸው ብዙ ነው። መነሻቸው ግን በአብዛኛው አንድ ነው፤ ራውተሮቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ምን እንደሆነ ይዘነጋል።

ራውተሮች መንገድ ይነጋገራሉ ብሎ ማሰብ

የሌሎቹ ስህተቶች ምንጭ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። እንደ ሪፕ (RIP) ባለው የቆየ የመንገድ መምረጫ አሠራር ራውተር የሚሰማው የጎረቤቱን ወሬ ነው። ጎረቤቱ «ሐዋሳ በእኔ በኩል ሁለት እርምጃ ነው» ይለዋል፤ እሱም አንድ ጨምሮ ለቀጣዩ ያወራል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። በሊንክ-ስቴት ግን እያንዳንዱ ራውተር የሚመሰክረው ስለ ደጃፉ ብቻ ነው፦ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ከእነዚህ ጎረቤቶች ጋር እገናኛለሁ፤ የየመስመሩ ወጪ ይህን ያህል ነው።» ይህ ምስክርነት ቃሉ ሳይለወጥ ከራውተር ወደ ራውተር ይሠራጫል። ሁሉም የሁሉንም ቃል ሰብስበው አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከራሱ ተነሥቶ፣ አጭሩን መንገድ ያሰላል።

ስሌቱ የሆላንዳዊው የኤድስገር ዳይክስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ቡና እየጠጣ በ20 ደቂቃ ያህል እንዳሰበው ራሱ ተናግሯል፤ ያሳተመው በ1959 ነው። የተነሣበት ጥያቄ ከሮተርዳም ወደ ግሮኒንገን የሚወስደው አጭሩ መንገድ የትኛው ነው የሚል ነበር። ለዚያ ጥያቄ ካርታው አስቀድሞ ያለ ነገር ነው። በኔትወርክ ውስጥ ግን ካርታው በየደቂቃው ይለወጣል፤ ስለዚህ ከስሌቱ ይልቅ የሚከብደው ካርታውን በሁሉም እጅ አንድ አድርጎ ማቆየት ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚነኩት ይህንኑ ነው።

ከካርታው ላይ ገጽ ለመቅደድ መሞከር

አንድ አስተዳዳሪ የአንድን ኔትወርክ አድራሻ ከአንዳንድ ራውተሮች መደበቅ ይፈልጋል እንበል። ከሪፕ በለመደው ልማድ መሐል ላይ ባለው ራውተር ማጣሪያ ያስገባል። ማጣሪያው የሚሠራው ግን በዚያ ራውተር የመንገድ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ነው፤ ምስክርነቱ እንደተለመደው ወደ ሌሎቹ ያልፋል። ከኋላ ያሉት ራውተሮች አጭሩ መንገድ በእሱ በኩል እንደሆነ አስልተው ፓኬት ይልኩበታል፤ እሱ ግን መንገዱን ስለማያውቀው ይጥለዋል። የፈለገው መደበቅ ነበር፤ ያገኘው ግን ጉድጓድ ነው። ማጣራት የግድ ከሆነ ቦታው የኤሪያ (ኔትወርኩ የሚከፈልበት ክፍል) ድንበር ወይም ከውጭ የመጣ መንገድ ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚገባበት በር ነው።

የሞተን ራውተር በሕይወት አለ ማለት

ኃይል የተቋረጠበት ራውተር ምስክርነት በሌሎቹ የመረጃ ቋት ውስጥ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እያንዳንዱ ምስክርነት ዕድሜ አለው፤ ባለቤቱ በየ30 ደቂቃው ያድሰዋል፤ ካላደሰው በ3600ኛው ሰከንድ ይሰረዛል። ይህን የማያውቅ ሰው ቋቱን ተመልክቶ «ራውተሩ ይኸው አለ» ብሎ ችግሩን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይመሻል። ስሌቱ ግን አይታለልም። አንድ መስመር በመንገድ ላይ የሚቆጠረው ሁለቱም ጫፎች ሲመሰክሩለት ብቻ ነው። ጎረቤቶቹ «ከእሱ ጋር አንገናኝም» ካሉ፣ የሟቹ አሮጌ ቃል ብቻውን መስመሩን አያቆመውም።

የዕድሜው ገደብና የእድሳት ሥርዓቱ ከብዶ የሚታያቸው አሉ። ለእነርሱ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነውን የአርፓኔት ኔትወርክ ታሪክ ማንሣት እወዳለሁ። አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1979 ከወሬ ወደ ምስክርነት ተሻገረ። እያንዳንዱ ምስክርነት የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚለይበት ተከታታይ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩ የ6 ቢት ነበር፤ 63 ላይ ሲደርስ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ኦክቶበር 27 ቀን 1980 በአንድ የተበላሸ ማሽን ምክንያት ቢቶች ወደቁና ከአንድ ምንጭ የመጡ ሦስት ምስክርነቶች 44፣ 40 እና 8 የሚል ቁጥር ይዘው በኔትወርኩ ተሠራጩ። ክብ በሆነው አቆጣጠር 40 ከ8 ይበልጣል፣ 44 ከ40 ይበልጣል፣ 8 ደግሞ ከ44 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲደርስ አዲስ ይባላል፤ ይመዘገባል፤ ለሁሉም ይሠራጫል፤ ሌላው ደግሞ ተከትሎ ይተካዋል። ኔትወርኩ ይህንኑ ሲያዞር ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። የመረጃ ትክክለኛነት ፍተሻ በመስመሮቹ ላይ ነበር፤ ቃሉ በማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሲበላሽ ግን የሚያይ አልነበረም። ዛሬ በኦኤስፒኤፍ ሁለተኛ ቅጂ ተከታታይ ቁጥሩ 32 ቢት ሆኖ በቀጥታ ወደ ላይ ብቻ የሚሄደው፣ ዕድሜ የሚቆጠረው፣ በቋት የተቀመጠውም ቃል በየጊዜው የሚፈተሸው እንዲህ ያለ ቀን እንዳይመለስ ነው።

ጎረቤትነት በራሱ ይሆናል ብሎ መተው

ምስክርነት ከመለዋወጥ በፊት ራውተሮች ሄሎ ፓኬት እየተላላኩ ይተዋወቃሉ። በኢተርኔት ላይ የተለመደው በየ10 ሰከንዱ አንድ ሄሎ ነው፤ 40 ሰከንድ ካልተሰማ ጎረቤቱ እንደጠፋ ይቆጠራል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ የኤሪያው ቁጥርና ዓይነት፣ የማረጋገጫ ቁልፉ፣ በኢተርኔት ላይ ደግሞ የሰብኔት ማስኩ (የአድራሻው የትኛው ክፍል ኔትወርኩን እንደሚያመለክት የሚለየው ቁጥር) በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለባቸው። በአንዱ ራውተር ላይ ሰዓቱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ጎረቤትነቱ ከመነሻው አይመሠረትም።

ከዚህ የሚከፋው የኤምቲዩ፣ ማለትም በመስመሩ የሚያልፈው ትልቁ ፓኬት መጠን፣ ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም ሄሎው ያልፋል። ራውተሮቹ ይተያያሉ፤ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ የቋታቸውን ዝርዝር ለመለዋወጥ ሲጀምሩ ግን ኤክስስታርት ወይም ኤክስቼንጅ በሚባለው ደረጃ ላይ ተተክለው ይቀራሉ። አንደኛው በ1500 ባይት፣ ሌላው በ9000 ባይት ተስተካክሎ ይገኛል። ብዙዎች የኤምቲዩ ፍተሻውን ችላ እንዲለው ራውተሩን ያዝዙና ይገላገላሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ፍተሻው እውነቱን ነው የተናገረው፤ ዝም ቢያሰኙትም ትልቁ ፓኬት በትንሹ በር አያልፍም፤ ችግሩ ወደ ተጠቃሚው ይሻገራል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱን ጫፎች አንድ ያድርጓቸው።

ለሁለት ራውተሮች አንድ መታወቂያ መስጠት

የአንዱን ራውተር ማስተካከያ ገልብጦ በሌላው ላይ ሲለጥፉ የራውተር መታወቂያውም አብሮ ይገለበጣል። በአንድ ኤሪያ ውስጥ ሁለት ምስክሮች በአንድ ስም ሲናገሩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ «ይህ የእኔ አይደለም» በማለት ከፍ ባለ ተከታታይ ቁጥር አዲስ ቃል ያወጣል፤ ሌላውም እንዲሁ። መንገዶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። መታወቂያውን ራስዎ ይስጡ፤ መዝግበውም ያስቀምጡ።

ጤነኛውን እንደ ሕመምተኛ ማከም

10 ራውተሮች በአንድ ስዊች ላይ ቢገናኙ 45 ጥንድ ይወጣቸዋል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ቋት እንዳያመሳስሉ ኦኤስፒኤፍ አንድ ተወካይና አንድ ምክትል ያስመርጣል፤ ሙሉ ጉርብትናው ወደ 17 ይወርዳል። የቀሩት ራውተሮች እርስ በርስ «ቱ-ዌይ» በሚባለው ደረጃ ላይ ይቆያሉ። ይህ ትክክለኛ ሁኔታቸው ነው። ይህን ብልሽት መስሏቸው ሥራ ላይ ያለ ራውተር አጥፍተው የሚያስነሡ አሉ፤ የጠፋው ተወካዩ ወይም ምክትሉ ከሆነ ምርጫው እንደገና ይደረግና እውነተኛ መቋረጥ ሊመጣ ይችላል። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ራውተር ዘግይቶ ቢመጣ የተመረጠውን ከቦታው አያነሣውም።

ወጪን ለነባሪው ቁጥር መተው

በሲስኮ ራውተሮች ላይ የመስመር ወጪ የሚሰላው 100 ሜጋቢትን ለመስመሩ ፍጥነት በማካፈል ሲሆን ከ1 በታች አይወርድም። ከ100 ሜጋቢት የሚፈጥን ሁሉ እኩል 1 ይሆናል ማለት ነው። አንድ ድርጅት ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ቀጥታ የ100 ሜጋቢት መስመር አለው እንበል፤ በአዳማ በኩል ደግሞ ሁለት የ1 ጊጋቢት መስመሮች። ቀጥታው ወጪው 1፣ በአዳማ በኩል ያለው 2 ነው፤ ትራፊኩ በሙሉ ቀጭኑን መስመር ያጨናንቃል፤ ሰፊው ባዶውን ይውላል። የማጣቀሻው ፍጥነት ወደ 100 ጊጋቢት ከፍ ቢል ቀጥታው 1000፣ በአዳማ በኩል ያለው 200 ይሆንና ነገሩ ይስተካከላል። ይህን ሲያደርጉ ግን በሁሉም ራውተር ላይ ያድርጉት። ግማሹ በአሮጌው ሚዛን፣ ግማሹ በአዲሱ ከመዘነ ካርታው አንድ ቢሆንም ቁጥሮቹ ትርጉም ያጣሉ።

ወጪ የሚነገረው በመውጫው በኩል እንደሆነም አይርሱ። ሁለቱ ጫፎች የተለያየ ቁጥር ከሰጡ መሄጃውና መመለሻው ይለያያሉ፤ መሐል ላይ ፋየርዎል ካለ ግንኙነቶች ያለምክንያት የሚቋረጡ ይመስላል።

ኤሪያን ለጌጥ መክፈል

ኔትወርክን በኤሪያ መክፈል ካርታውን ያሳንሳል፤ አንድ መስመር ሲበጠስ የሚረበሹትን ራውተሮች ይቀንሳል። ነገር ግን ዋጋ አለው። ከኤሪያ ወደ ኤሪያ ሲሻገር የድንበሩ ራውተር ካርታውን አያሳልፍም፤ «ያ ኔትወርክ በእኔ በኩል በዚህ ወጪ ይገኛል» ይላል። ይህ ከላይ የተለየነው ወሬ ነው። ኤሪያዎች ሁሉ ከኤሪያ 0 ጋር እንዲጣበቁ የሚገደዱት ወሬው ዞሮ እንዳይመለስ ነው። 10 ወይም 15 ራውተር ላለው ድርጅት አንድ ኤሪያ 0 ይበቃዋል፤ በየከተማው አንድ ኤሪያ መስጠት ሥዕሉን ያሳምር ይሆናል እንጂ ሥራውን አያቀልም።

በሩን ክፍት ትቶ መሄድ

ማረጋገጫ የሌለበት ኦኤስፒኤፍ ማስተካከያው የገጠመለትን ማንንም ጎረቤት ያደርጋል። በቢሮ ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት አንድ ላፕቶፕ የሰካ ሰው የሐሰት ምስክርነት ማሠራጨት ይችላል፤ ቃሉም እንደ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ በየራውተሩ ይደርሳል። ወደ ተጠቃሚዎች የሚያዩ በሮችን ሄሎ እንዳይልኩና እንዳይቀበሉ ያድርጓቸው፤ ራውተር ከራውተር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቁልፍ ያስገቡ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሻ (SHA) ቤተሰብ የማረጋገጫ ስልቶች ስለተፈቀዱ መሣሪያዎ ከቻለ ከአሮጌው ስልት ከኤምዲ5 (MD5) ይልቅ እነርሱን ይምረጡ። ቁልፍ ሲቀይሩም አሮጌውን ወዲያው አያጥፉ፦ አዲሱን በተለየ ቁጥር በሁሉም ላይ ያስገቡ፤ ጎረቤቶች በሙሉ በአዲሱ መናገር መጀመራቸውን ይመልከቱ፤ አሮጌውን ከዚያ ያንሡ።