ስለ ሰማያዊው ቤት ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢየሱስ ስለ አባቱ ቤት የተናገረው በደህና ቀን አልነበረም። ይሁዳ ወጥቶ ሄዷል። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ ተነግሮታል። የቀሩት ግራ ገብቷቸዋል። «ልባችሁ አይታወክ» የተባለው በዚያች ሌሊት ነው። ተስፋው የተሰጠው ለተጨነቁ ሰዎች ስለሆነ፣ አጣመን ስንይዘውም መጀመሪያ የሚጎዳው የተጨነቀ ሰው ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

ስለ ቤቱ እያወሩ ባለቤቱን መርሳት

ስለ ወርቁ ጎዳናና ስለ ዕንቁ ደጆቹ ብዙ እናወራለን። ዮሐንስ በራእዩ ያያቸው ናቸውና ማውራታችን አይከፋም። ግን «በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» ያለው ጌታ ንግግሩን የት እንዳደረሰው እንይ፦ «እኔ ባለሁበት እናንተ ደግሞ እንድትሆኑ»። የተስፋው ልብ ይህ ነው። ከትምህርት ቤት የተመለሰ ሕፃን በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እማዬ የት አለች?» ብሎ ነው። እሷ ከሌለች ቤቱ ቤት አይሆንለትም። ጳውሎስም ታስሮ ሳለ የናፈቀውን ሲጽፍ «ልሄድ ከክርስቶስም ጋር ልኖር እናፍቃለሁ» አለ። ስለ ጎዳናው አንድም ቃል አልጨመረም።

ትንሣኤን መዝለል

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ብዙዎቻችን «ሰማይ» ሲባል ወዲያው የሚታየን ደመና ላይ የምትንሳፈፍ ነፍስ ናት። ሥጋ ተጥሎ የቀረ፣ ምድርም ያበቃላት ይመስለናል።

አማኝ ሲሞት ወደ ጌታው መሄዱ እውነት ነው። አብሮት የተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያልቅም። በ381 (እንደ አውሮፓውያን) በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የጸናው ጸሎተ ሃይማኖት የሚዘጋው በምንድን ነው? «የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን፤ የሚመጣውንም ሕይወት» በሚለው ነው።

የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 24 ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ደነገጡ። ጌታ እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ ዳሱኝ አላቸው። አሁንም ከደስታቸው የተነሣ ማመን ሲያቅታቸው የሚበላ ነገር ጠየቃቸው። ከተጠበሰ ዓሣ ቁራሽ ሰጡት፤ እያዩት በላ። የእኛም ሥጋ ክቡር ሥጋውን እንዲመስል ይለወጣል ይላል ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች። በራእይ 21 ደግሞ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር አለ። ቅድስቲቱ ከተማ ከሰማይ ትወርዳለች፤ እግዚአብሔር ራሱ ከሰዎች ጋር ያድራል።

ይሄ የመምህራን ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጇን በረዥም ሕመም ያጣች እናት የምትጠይቀው «ነፍሷ የት ገባች?» ብላ ብቻ አይደለም። ስታጥባትና ስትደግፋት የከረመችው ያ የደከመ ገላ ነው የሚያሳስባት። ትንሣኤን ከዘለልን ለእሷ የምንላት ነገር ግማሽ ነው። እግዚአብሔር ያንን ገላ አልረሳውም፤ ያስነሣዋል። ይህን ሳንፈራ እንንገራት።

ሐዘንተኛን «አታልቅስ» ማለት

ባሏ የሞተባት ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሰው ይመጣና ጎንበስ ብሎ «በቃ! አንቺ አማኝ አይደለሽም እንዴ? እሱ እኮ ሰማይ ቤት ነው» ይላታል። እንባዋን ትውጣለች። ከዚያ በኋላ ሐዘኗ ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ይደረብበታል።

ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ነው ያለቀሰው። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው» ሰዎች እንዳያዝኑ ነው፤ ከነጭራሹ አትዘኑ አላለም። «መሞትም ጥቅም ነው» ያለበትን ደብዳቤ አንድ ምዕራፍ ወረድ ብላችሁ እዩት። ወንድሙ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። እግዚአብሔር ማረው ይላል፤ እኔንም ማረኝ፣ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ። ያ ጽኑ ሐዋርያ ወዳጁ ቢሞትበት ኖሮ በሐዘን ይጎዳ ነበር ማለት ነው። እኛ ማን ሆነን ነው እንባ የምንከለክለው?

ሕፃን ለሞተበት ወላጅም «እግዚአብሔር መልአክ ፈልጎ ወሰደው» አትበሉ። ሰው ሞቶ መልአክ አይሆንም። ለወላጁም ያ አያጽናናም።

ቤቱን በሥራ የሚገዛ ማስመሰል፣ ወይም እንደ ልብ መኖሪያ ማድረግ

ወንበዴው መስቀል ላይ ሆኖ መልካም ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አልነበረውም። የለመነው «አስበኝ» ብሎ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ቦታዬ ተይዟል» እያለ በሰው ላይ ግፍ የሚሠራ አለ። የዮሐንስ አንደኛ መልእክት ይህን ተስፋ የሚያደርግ ሁሉ ራሱን ያነጻል ይላል።

ቀን መቁጠር

ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ የጌታን መምጫ ዘመን ከትንቢተ ዳንኤል አሰላሁ ብሎ ሰበከ። ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844 (እንደ አውሮፓውያን) ላይ ቁርጥ አደረጉት። ቀኑ አለፈ፤ ብዙዎች ልባቸው ተሰበረ። በ2011 (ይሄም እንደ አውሮፓውያን) ደግሞ ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የሬዲዮ ሰባኪ ግንቦት 21ን አወጀ። ሳይሆን ሲቀር ወደ ጥቅምት 21 አዛወረው። እሱም አለፈ። ወራትንና ዘመናትን ማወቅ እንዳልተሰጠን ጌታ ከማረጉ በፊት በግልጽ ተናግሯል። አንድ ሰባኪ ቀን ከቆረጠላችሁ ቆይታችሁ አትስሙት።

ምድርን መተው

አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ስለ ትንሣኤ ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ የሚጨርሰው ድካማችሁ በጌታ ከንቱ አይደለምና ሥራው ይብዛላችሁ በሚል ምክር ነው። ሰማይን የሚጠብቅ ሰው ሥራውን አይጥልም። ከዚህ የባሰው ግን ተስፋውን በሌላው ላይ መጠቀም ነው። ደመወዙን ለተከለከለ ሠራተኛ «ዋጋህ በሰማይ ነው» ማለት ያሳፍራል። ያዕቆብ የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም በእግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ይላል። ሰማይን የምናምን ከሆነ ደመወዙን እንክፈለው።

ለመጨረሻው ቀን ማስቀመጥ

ብዙ ቤተሰብ ስለ ሰማይ አፉን የሚከፍተው በቀብር ቀን ነው። ሕመምተኛው ገና እያለ ግን ሁሉም «ትድናለህ» ብቻ ይለዋል። እሱ ምናልባት ማታ ማታ ብቻውን ይፈራ ይሆናል። ስለ መዳኑ ጸልዩለት፤ አትተዉ። ግን ድምፁ ሳይደክም፣ መነጋገር ሳያቅተው አጠገቡ ተቀመጡ። ዮሐንስ 14ን አንብቡለትና ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት። መልስ ባይኖራችሁም እስኪጨርስ አዳምጡት፤ ከዚያ ክፍሉን ድጋሚ አንብቡለት።