በመደበኛ ስልክ መስመር ከቤት ለሚሠሩ

ከቤት ሆኖ ለመሥራት በመደበኛ ስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስገባ ሰው፣ ውሉ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ከማየቱ በፊት መስመሩ እንዴት እንደሚሠራ ቢረዳ ከብዙ ምልልስ ይድናል። ድምፅ ከመዳብ ሽቦው ላይ የሚይዘው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ኤዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያስገባው ቴክኖሎጂ) ከ25 ኪሎ ኸርዝ በላይ ባለው ስለሚሠራ፣ ስልክ እያወሩ ኢሜይል መላክ ይቻላል። ቀደም ሲል የነበረው አይኤስዲኤን (ድምፅንም ኢንተርኔትንም በዲጂታል መንገድ የሚያስተላልፍ የስልክ መስመር) ግን እያንዳንዳቸው 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ የሚያስተላልፉ ሁለት ቻናሎች ስለነበሩት፣ 128 የሚገኘው ሁለቱም ለኢንተርኔት ሲውሉ ብቻ ነበር።

ኤዲኤስኤል የሚቀበልበትና የሚልክበት ፍጥነት እኩል አይደለም። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የተሻሻለው ዓይነት ሽቦው ጥሩና አጭር ሲሆን እስከ 24 ሜጋ ቢት ሊያወርድ ይችላል፤ የሚልከው ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። ፊልም ለሚያይ ይህ ችግር አይደለም፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ግን እርስዎ ሌሎችን በደንብ እያዩ የእርስዎ ምስል ለእነርሱ የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፍጥነት ሲለኩ የአፕሎዱን ቁጥር ይመልከቱ፤ የቤተሰብ ስልኮች ፎቶ በራሳቸው ወደ ኢንተርኔት የሚጭኑ ከሆነም በሥራ ሰዓት ያስቁሟቸው።

በእኔ ቤት ስልክ በተጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጥ ነበር፤ ሞደሙን ሁለት ጊዜ ከቀየርኩ በኋላ ነው መኝታ ቤት ያለው ሁለተኛ ስልክ ያለ ስፕሊተር በቀጥታ መሰካቱን ያየሁት። ስፕሊተሩ ድምፁን ከኢንተርኔቱ የሚለይ ትንሽ ሳጥን ስለሆነ፣ በመስመሩ ላይ ያለ አንድም ስልክ ያለ እርሱ መቅረት የለበትም።

ይህ ተስተካክሎም መቆራረጡ ከቀጠለ፣ ባለ ሽቦ ስልክ አንሥተው አንድ ቁጥር ብቻ ይጫኑና ያዳምጡ። የሚንጫጫ ድምፅ ካለ፣ በተለይ በክረምት፣ ብዙውን ጊዜ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ በኮምፒውተርዎ የሞደሙን የቅንብር ገጽ ከፍተው «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለውን፣ ማለትም መስመሩ ሳይወድቅ ምን ያህል ረብሻ መቋቋም እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር ያንብቡ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ በትንሽ ረብሻ ይወድቃል። ሌላውን ሁሉ ነቅለው ሞደሙን መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ነጥብ ላይ ሲሰኩትም ቁጥሩ ካልተሻሻለ፣ ብልሽቱ ከውጭ ሳይሆን አይቀርም፤ ቁጥሩንና የለኩበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ለሚመጣው ቴክኒሻን ይስጡት።