ኡቲላ ደሴት ላይ ስኩባ ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሆንዱራስ ጠረፍ ማዶ ያለችው ኡቲላ ትንሽ ደሴት ናት። ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው መካከለኛው አሜሪካን የሚያቋርጡ ወጣቶች ስኩባ (የአየር ጋን አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ለመማር የሚመርጧት ዋጋዋ ከብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ስለሚረክስና ውሃዋ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ስለሆነ ነው። ትምህርቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ተማሪውን የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ የመንገደኛ ጥድፊያና ገንዘብ ቆጣቢነት ናቸው።

የመውጫ ትኬት ቀድሞ መቁረጥ

ኦፕን ዋተር የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈጃል፤ ንድፈ ሐሳብ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ልምምድ፣ ከዚያ 4 የባሕር ጥለቃ። ጆሮ የውሃውን ግፊት እምቢ ካለ ወይም ባሕሩ ከተናወጠ ቀን ይባክናል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ዝናቡና ነፋሱ ስለሚበረታ አንድ ሳምንት መመደብ ይሻላል።

የባሰው ደግሞ ጠዋት ጠልቆ ማታ መብረር ነው። በግፊት ሥር ሲተነፍሱ ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በፍጥነት ከቀነሰ አረፋ ሆኖ ይወጣና መገጣጠሚያን አልፎም ነርቭን ይጎዳል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ እንደመቆም ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ጥለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ ይቆዩ። አውቶቡስም ከዚህ ነፃ አይደለም። የብስ ላይ ካለው ከላ ሴይባ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሆንዱራስ ዋና ከተማ ወደ ተጉሲጋልፓ የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያደርሳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ዋጋ ብቻ አይቶ መመዝገብ

ሲጠይቁ የሰርተፍኬቱ፣ የመማሪያው ጽሑፍና የባሕር ጥበቃው ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን ያረጋግጡ፤ ርካሽ የመሰለው በነዚህ ሊወደድ ይችላል። አንድ አስተማሪ ባሕር ውስጥ ስንት ተማሪ ይይዛል? 8 ድረስ የሚፈቅዱ ደንቦች አሉ፣ 4 ግን ለጀማሪ የተሻለ ነው። ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩንም ይጠይቁ። ተራ የጉዞ መድን ስኩባን ሊያስቀር ወይም በጥልቀት ሊገድብ ስለሚችል ውሉን አንብቡት።

የጤና ቅጹ ላይ «የለብኝም» እያሉ ማለፍ

አስም፣ የልብ ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ካለ የሐኪም ፊርማ ይጠየቃል። ደሴቲቱ ላይ ሐኪም ፍለጋ እንዳይባዝኑ ቅጹን ከአገርዎ ሳይወጡ ያስሞሉት። ዋና አለመቻልም እዚያው ቤት የሚፈታ ጉዳይ ነው፤ ኮርሱ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠይቃል፣ ደጋ ላይ ላደገ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም።

ጆሮ እስኪያምም መጠበቅ

ውሃው ላይ ግፊቱ 1 አትሞስፌር (የግፊት መለኪያ) ሲሆን 10 ሜትር ላይ 2 ይሆናል። ለዚህ ነው ጆሮ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው መጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው የምንለው። የጆሮን ግፊት ለማስተካከል አፍንጫን ጨብጦ ቀስ ብሎ መንፋት የሚጀመረው ገና ከውሃው ገጽ ላይ ነው፤ ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ ይደግሙታል። ገመድ ይዘው እግርዎን ወደታች አድርገው ይውረዱ። ካመመዎ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመልሰው ይሞክሩ፤ በግድ መንፋት ታምቡሩን ሊቀድ ይችላል። ጉንፋን ይዞዎት መድኃኒት ወስደው መጥለቅም አይበጅም፤ መድኃኒቱ ታች ሳሉ ኃይሉ ካለቀ አየሩ ታምቆ ሲወጡ ያሳምማል።

ትንፋሽ መያዝ

ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጡ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል። ትንፋሽ የያዘ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፣ ለዚያ ደግሞ ብዙ ጥልቀት አያስፈልግም። ሬጉሌተሩ (ከጋኑ አየር የሚሳብበት የአፍ ዕቃ) ከአፍ ሲወጣ ትንሽ ትንሽ አረፋ እየለቀቁ መቆየት ያለብዎ ለዚህ ነው። አወጣጥዎ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይበልጥ፤ 5 ሜትር ላይም ለ3 ደቂቃ ያርፉ።

እርሳስ ማብዛት

አስተማሪው ተማሪው እንዳይንሳፈፍበት ብሎ ተጨማሪ ኪሎ የእርሳስ ክብደት ያስታጥቃል፤ ይህ የተለመደ ነው። ክብደቱ ሲበዛ ሰደርያው (አየር ተሞልቶ ጠላቂውን የሚያንሳፍፈው ልብስ) ውስጥ ብዙ አየር መጨመር ግድ ይላል፤ ያ አየር ደግሞ ወደ ታች ሲወርዱ ይጨመቃል፣ ወደ ላይ ሲወጡ ይነፋል፣ ስለዚህ ጠላቂው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አየሩንም ቶሎ ይጨርሳል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ውሃው ላይ ቆመው ሰደርያውን ባዶ ያድርጉና እንደተለመደው የሳቡትን ትንፋሽ ያዝ ያድርጉ (የውሃው ገጽ ላይ ስለሆኑ ይህ አይጎዳም)። ውሃው ዓይንዎ ጋ ከደረሰና ትንፋሹን ሲያወጡ ከሰጠሙ ልክ ነው። ጋኑ ሙሉ ከሆነ ከዚህ ላይ 2 ኪሎ ያህል ይጨምሩ፣ የአሉሚኒየም ጋን ሲያልቅ በዚያው መጠን ይቀላልና።

የግፊት መለኪያውን አለማየት

ጀልባው ላይ ሬጉሌተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ እያደረጉ መርፌውን ይዩ። በሳቡ ቁጥር ወደ ታች ወርዶ የሚመለስ ከሆነ የጋኑ ቧንቧ በደንብ አልተከፈተም። አየሩ ዘይት ወይም ጭስ ከሸተተ አይጥለቁ። ጋኑ በ200 ባር (መርፌው የሚያሳየው የግፊት መለኪያ) ይጀምራል፤ 100 ላይ ለአስተማሪው ምልክት ይስጡ፣ 50 ቀርቶ ጀልባው ጋ ይድረሱ።

ኮራል መንካት

ኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሳይ ነገር፣ በቀላሉ ይሰበራል፤ ከመካከሉ የሚያቃጥል ዓይነትም አለ። ላየንፊሽ የሚባለው ዓሣ እሾሁ መርዘኛ ነው። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይዋኙ።