የዳቦ ማከፋፈል ሥራ እንዴት ይጀመራል? ከአንድ ሰፈርና ከ20 ሱቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ የማይሸጥ ሱቅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። "ዳቦ ላከፋፍል አስቤያለሁ" ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ወዲያው "ግን ገበያው ሞልቷል" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ሞልቷል። ሆኖም ጠዋት 12፡30 ሆኖ ዳቦ ያልደረሰላቸው ሱቆች ዛሬም አሉ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጠዋቱን ደረቅ ዳቦ የሚሸጡ ደግሞ ከነሱ ይበዛሉ። ለአዲስ ገቢ ቦታ ያለው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

እኔ የጀመርኩት አያት አካባቢ ነው፣ በተከራየኋት ዳማስ መኪና። በመጀመሪያው ሳምንት 600 ዳቦ ጭኜ ወጥቼ 140ውን መልሼ የገባሁበት ቀን ነበር። የዚያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ሂሳብ ከሁሉም በፊት ብታውቁት ደስ ይለኛል።

1. ሂሳቡን በወረቀት ሥሩት

አንዱን ዳቦ ከዳቦ ቤት በ8 ብር ተረክባችሁ ለሱቅ በ9 ብር ታስረክባላችሁ እንበል። ዋጋው ለምሳሌ ነው፤ በሱ ፈንታ የሰፈራችሁን አስገቡ። ከአንድ ዳቦ 1 ብር ታገኛላችሁ። ሳይሸጥ የተመለሰ ዳቦ ግን 8 ብራችሁን ይዞ ይቀራል። አንድ ተመላሽ የስምንት ዳቦ ትርፍ በላ ማለት ነው።

አሁን 1,000 ዳቦ ጫኑ። 60 ተመለሰ። 940 ሸጣችሁ 8,460 ብር ሰበሰባችሁ፣ ለዳቦ ቤቱ 8,000 ከፈላችሁ፣ እጃችሁ ላይ 460 ብር ቀረ። የተመለሰው 20 ብቻ ቢሆን ኖሮ 820 ብር ይቀር ነበር። በ40 ዳቦ የ360 ብር ልዩነት! ነዳጅ፣ የመኪና ኪራይና የረዳት ደመወዝ የሚወጣው ከዚህ ላይ ነው። 460 ብሩ ይህን ሁሉ አይችልም። በዚህ ሥራ የሚያተርፈው ብዙ የጫነ ሳይሆን ትንሽ የመለሰ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ተመላሽን ለመቀነስ ነው።

2. አንድ ሰፈር ምረጡና ሦስት ቀን በእግር ዙሩ

ከተማውን በሙሉ አትመኙ። ለመጀመር ከዳቦ ቤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚደረስ አንድ ሰፈርና እዚያ ያሉ 20 ሱቆች ይበቃሉ። እንደ ጀሞ፣ እንደ የካ አባዶ ያሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ለጀማሪ ይመቻሉ። ሱቆቹ ከሕንፃዎቹ ሥር ተደርድረዋል፣ በላዩ ሕዝብ አለ፣ መኪና ሳታንቀሳቅሱ አምስት ሱቅ ታዳርሳላችሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ዙሩ። ሸጡልኝ አትበሉ ገና። ዳቦ ገዝታችሁ ጠይቁ። ዳቦ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣላችሁ? በቀን ስንት ይሸጣል? የተረፈውን ይወስዱላችኋል? ሂሳብ ወዲያው ነው ወይስ በነገታው? ሦስት ቀን ስትዞሩ ማን የት እንደሚያቀርብና የትኛው አከፋፋይ እንደሚያረፍድ በደንብ ትለያላችሁ።

ከመጀመሪያ ደንበኞቼ አንዷ የብሎክ ሱቅ ያላቸው እናት ነበሩ። 1፡15 ላይ ሞቅ ያለ ዳቦ ይዤ ደረስኩ። አንዱን አንስተው ጫን ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። "ልጄ፣ ዳቦህ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ግን ልጆቹ ምሳቸውን ይዘው ወጡ። አሁን ለማን ልሽጠው?" ጠረጴዛቸው ላይ የሌላ አከፋፋይ ዳቦ ነበር፣ ከኔ ያነሰ፣ ጠርዙ ያረረ። እሱ ግን 12 ሰዓት ላይ ደርሷል። በነጋታው 11፡50 በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። 10 ዳቦ ወሰዱ።

ከሱቅ ሌላ ቁርስ ቤቶችን አትርሱ። ፉልና እንቁላል ሳንዱች የሚሠሩ ቤቶች በየቀኑ ተመሳሳይ ቁጥር ስለሚወስዱ ተመላሻቸው ትንሽ ነው። ሕንፃ የሚሠራበት አካባቢም ጥሩ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ዳቦ በሻይ፣ ዳቦ በሙዝ ይበላል፣ ረፋድ ላይ ይገዛል። የጠዋቱ ግፊያ ካለፈ በኋላ የምትሄዱበት ቦታ ይሁንላችሁ።

3. ዳቦ ቤቱን ከዋጋው በፊት በሰዓቱ መዝኑት

አብዛኛው ጀማሪ ዳቦ ቤት ሲመርጥ 50 ሳንቲም የቀነሰለት ጋ ይሄዳል። እኔ 50 ሳንቲም ጨምሬ 11 ሰዓት ከሌሊቱ ላይ የሚያስረክበኝን እመርጣለሁ። 12 ሰዓት ላይ የወጣ ርካሽ ዳቦ ለኔ ውድ ነው።

ከመስማማታችሁ በፊት አራት የተለያዩ ቀናት ዳቦ ገዝታችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ሰኞ ሙሉ ሆኖ ሐሙስ የሚቀል ዳቦ የሚያጣላችሁ ከሱቁ ጋር ነው። ጋጋሪው ሳይሆን እናንተ ናችሁ ፊት ለፊት የምትቆሙት።

ሁለተኛው ጥያቄ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ምድጃው በእንጨት ይሠራል? መልሱ "አይጠፋም" ከሆነ ሌላ ዳቦ ቤት ጨምሩ። ሁለተኛ ዳቦ ቤት በእርግጥም ያስፈልጋችኋል። በየሳምንቱ ጥቂት ከሱም ውሰዱ፣ የቸገራችሁ ቀን እንግዳ እንዳትሆኑ። እኔ አንድ ማለዳ ባዶ ሳጥን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ አልሞቀም። ያንን ቀን ያጣኋቸውን ሁለት ሱቆች ለመመለስ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ሦስተኛው ተመላሽ ነው። ከጫናችሁት መቶ ሦስቱን ወይም አምስቱን ዳቦ ቤቱ በግማሽ ዋጋ መልሶ እንዲቀበላችሁ ጠይቁ። አድርቆ ፈጭቶ ፍርፋሪ የሚሸጥ ዳቦ ቤት ይስማማል። የተስማማችሁበትን በወረቀት ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ።

4. ፈቃድና ማጓጓዣ

ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ንግድ ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃድ፤ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ወረዳችሁ ወይም ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሥራው በየትኛው የንግድ ዘርፍ እንደሚመዘገብ ጠይቁ። ዳቦ የሚነኩ ሰዎች ሁሉ፣ እናንተም ረዳቱም፣ የጤና ምርመራ ወረቀት ይኑራችሁ።

መኪና ለመግዛት አትቸኩሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተከራዩ። ሰፈሩ ጠባብ ከሆነ ጋሪም ይሠራል። ሞተር ሳይክል ያሰበ ሰው ግን መጀመሪያ ፈቃዱን ያረጋግጥ፤ አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ አድርጋለች።

ዳቦ የሚጫንበት መኪና ሳሙና፣ ጋዝና ሽንኩርት አይጫንበት። ዳቦ ሽታ ይስባል። አየር የሚያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ግዙ፣ ከሥርና ከላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ። ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይልፈሰፈሳል፣ በማግሥቱ ይሻግታል። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅም በ2017 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፣ ከወዲሁ በወረቀትና በጨርቅ ልመዱ። የሱቁ ሰው ዳቦውን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ንገሩት። ዳቦ ከሁሉም ይበልጥ ቶሎ የሚደርቀው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። በጨርቅ ሸፍኖ ውጭ ቢያቆየው ይሻለዋል።

5. ከሱቁ ጋር መግባባት

ሱቁ ከሌላ አከፋፋይ የሚወስድ ከሆነ "እሱን ተውና ከኔ ውሰድ" አትበሉ። የ10 ዳቦ ቦታ ጠይቁ። ባለሱቁ በሁለት አከፋፋይ መሆን ይወዳል፤ አንዱ ቢያረፍድ ሌላው አለለት። የ10 ዳቦ ቦታ በሰዓቱ ከተጠበቀ በሁለት ወር 30 ይሆናል።

መጠን የምትጨምሩት በእንዲህ ዓይነት ደንብ ይሁን። ሁለት ቀን በተከታታይ ዳቦው ከ3 ሰዓት በፊት ካለቀ 5 ጨምሩ። ከ2 በላይ ከተመለሰ በነጋታው 3 ቀንሱ። ባለሱቁ "50 አውርድ፣ ይሸጣል" ቢላችሁም አትስሙት። ካልተሸጠ የሚመለሰው ወደናንተ ነው።

ዱቤ ላይ ልባችሁ ይጽና። ደንቡ አንድ ነው፦ የዛሬው ዳቦ ሲወርድ የትናንቱ ይከፈላል። የትናንቱ ካልተከፈለ የዛሬው አይወርድም። ይህን በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ ተናገሩት፣ በኋላ ለማስገባት ከባድ ነው። ይሉኝታ ይዟችሁ ሦስት ቀን ካሳለፋችሁት፣ ባለሱቁ ራሱ ማፈር ይጀምርና በሌላ አከፋፋይ ይሸሻችኋል። ገንዘቡም ደንበኛውም ሄደ ማለት ነው። በቴሌብር የሚከፍል ካለ አበረታቱት፤ መዝገብ ይይዝላችኋል፣ ማለዳ በጨለማ ብር ይዞ ከመዞርም ያድናል።

6. ተፎካካሪ

በዋጋ አትጋጠሙ። ሸገር ዳቦ በ2012 ዓ.ም. ሲመረቅ በሰዓት 80,000 ዳቦ የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮ ነበር። ከእንዲህ ያለ ፋብሪካ ጋር አንድ ዳማስ በዋጋ አትፎካከርም። ከጎረቤት አከፋፋይም ጋር ቢሆን ያው ነው። ከ1 ብር ትርፋችሁ 50 ሳንቲም ብትቀንሱ ግማሹን ጣላችሁ፤ እሱም በነጋታው ይቀንሳል፣ ሁለታችሁም ትከስራላችሁ።

የሚያዋጣው ሁለተኛ ዙር ነው። ብዙ አከፋፋይ ጠዋት ጥሎ ይሄዳል፣ በቃ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ለመክሰስ፣ ከዚያም ከሥራ ለሚመለሰው ሰው ትኩስ ዳቦ ይዞ የሚመጣ ትንሽ ነው። ጠዋት 40 ከማውረድ ጠዋት 25 ከሰዓት 15 ማውረድ ተመላሹን ይቀንሰዋል። ነዳጅ ይጨምራል፣ አዎ። ለዚህ ነው ሰፈሩ አንድና ጠባብ ይሁን ያልኳችሁ።

7. ቀን መቁጠሪያ

ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቁርስ ቤቶች የእንቁላል ሳንዱች ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ፉሉ ግን ይቀጥላል፣ እንዲያውም ይጨምራል። የየቤቱን ገበታ ሳታዩ በደፈናው አትቀንሱ። በረመዳን ሙስሊም ወገኖች በሚበዙበት ሰፈር የጠዋቱ ዙር ይቀንስና ከማፍጠሪያ በፊት ያለው ሰዓት ይደምቃል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የልጆች ምሳ ዳቦ ይወርዳል፣ ዝናቡም አለ፤ ሸራ ያዙ። በመስከረም ይመለሳል።

ለበዓል ድፎ ዳቦ ጥሩ ገቢ አለው። ግን ያለ ቀብድ አንድም ድፎ አታስጋግሩ። የበዓል ማግሥት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ድፎ አለው፣ ትንሽ ዳቦ የሚገዛ የለም፤ ጭነቱን በግማሽ ቀንሱ።

8. የተመለሰው ዳቦ

የትናንትን ዳቦ ከዛሬው ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። አንድ እናት ልጇ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያሰረችው ዳቦ ደርቆ ከተመለሰ፣ ሱቁ ላይ ትጮኻለች፣ ሱቁ እናንተ ላይ ይጮኻል። እውነትም አላቸው።

በዕለቱ የተመለሰውን ማታ በቅናሽ ሽጡ፣ የዳቦ ፍርፍር የሚሠሩ ቤቶችን ጠይቁ፣ የተረፈውን ለተቸገረ ስጡ። የደረቀው ለፍርፋሪ ወይም ለዶሮ መኖ ይሄዳል። የሻገተ ግን ለሰውም ለእንስሳም አይሆንም፤ ሻጋታው መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ይጣል።

9. ሁለተኛ መስመር መቼ?

ተመላሻችሁ ለሁለት ወር ያህል ከመቶ ሦስት በታች ከሆነና እቁብም ይሁን ቁጠባ የአንድ ሳምንት የዳቦ ሂሳብ የሚሸፍን ገንዘብ ካላችሁ፣ ያኔ ሁለተኛ መኪና አስቡ። አዲሱን ሹፌር የምታስይዙት ነባሩን መስመር ነው፤ እናንተ ወደ አዲሱ ሰፈር ሂዱ። ሁለት ሳምንት አብራችሁት ዙሩና ደብተሩን አስረክቡት። በደብተሩ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ገጽ ይኑረው። ያቺ የብሎክ ሱቅ በኔ ደብተር ላይ እንዲህ ተጽፋለች፦ "ጠዋት 25፣ ከ11፡50 ሳያልፍ። ከሰዓት 15። ቅዳሜ ከሰዓት የለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ለልጃቸው ስጥ።"